ወንድ የማይነካው ራጅ

«ራጅ ወንድ አይነካም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደረቴን ልነሳ ሞጣ ሄጄ አቶ ስማቸውን አገኘሁ፤ የቢቸና እህል ነጋዴ ናቸው። ማስረጃቸው አንድ ነው፦ የራጅ ባለሙያዋ «እርጉዝ ነሽ?» ብላ የምትጠይቀው ሴቶችን ብቻ ነው!

ስለዚህ ክንዷ የተሰበረባትን ባለቤታቸውን ውዴን ራጅ ስትነሳ ደግፌ ካልቆምኩ አሉ።

«ጋሼ፣ ይውጡ» አለች ባለሙያዋ።

«ወንድ አይደለሁ? ምን እሆናለሁ?»

«ጥያቄው ለፅንሱ ነው። ጨረር ክሮሞዞም ሲሰብር ወንድ ሴት አይልም። ደግሞስ ልጅ አይፈልጉም?»

«አምስት ዓመት ተስለናል» አለች ውዴ ቀስ ብላ።

አቶ ስማቸው በምን ፍጥነት እንደወጡ ራጁም አያነሳው።

እኔ ግን ነገሩን ሳላጣራ መተኛት አልችልም። «ጉዳቱ የማን ይብሳል? የወንድ ወይስ የሴት?» አልኳት ባለሙያዋን።

«እንደ መጠኑ፣ እንደ ፍጥነቱ፣ እንደሚያርፍበት አካል ይለያያል። የጾታውን ልዩነት ገና እያጠኑት ነው።»

ይህቺን «ገና» ወደድኳት። አቶ ስማቸው ግን አልወደዷትም መሰለኝ፤ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ያስረዳሉ፦ «ራጅ ሴት አይነካም፤ የሚፈልገው ወንድ ነው!»

ውዴ በደህና እጇ ጎሸም አደረገቻቸው።

«ልጁን አብረን ተስለን፣ ጨረሩን በተራ ልንወስድ ነው?»