የሰኞ ማንጎ

ስብሰባ ላይ ጥያቄ አንስታችሁ ሰብሳቢው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሏችሁ ያውቃል? እንግዲያው አዘንኩላችሁ። ሰብሳቢ መልስ ካለው ይመልሳል፤ ከሌለው ጥያቄውን ያደንቅና የጠያቂውን ስም በልቡ ይጽፋል። ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ የተባለ ሰው ማታውኑ ሻንጣውን ቢያራግፍ አይከፋም።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። በእርሻ ትምህርት ተመርቄ አሶሳ አንድ መሥሪያ ቤት የገባሁ ሰሞን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ስለተተከለ ችግኝ ሪፖርት ቀረበ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ጸድቋል ይላል። እጄን አወጣሁና «ማን ሄዶ ቆጠረው?» አልኩ። ጠይቅ፣ ጠይቅ እያሉ ሲጎነትሉኝ የነበሩት ሁለት ባልደረቦቼ ወዲያው አጎንብሰው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። አንደኛው ያደረገው ጫማ ክር አልነበረውም። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት «ለሥራው ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ ሆሞሻ ተዛወርኩ። እኔ ልማርበት የነበረውን የማስተርስ ዕድል ደግሞ ያ ክር አልባ ጫማ ያደረገው ሰው ተማረበት።

ሆሞሻ ምንም አላደረገችኝም፤ ደግ ከተማ ናት። ቂሜን ግን ይዤ ሄድኩ፣ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም፤ ሳዛጋ እንኳ እጄን አስቀድማለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ስታርታፕ ውስጥ ምን ይሠራል? እኔም ገርሞኛል። ስታርታፕ ማለት በገባኝ መጠን ከሠራተኛው ቁጥር የዕቅዱ ቁጥር የሚበልጥበት መሥሪያ ቤት ነው። የእኛን የመሠረተችው ሐዋ የዚሁ የአሶሳ ልጅ ናት። በየዓመቱ ማንጎ ሲደርስ በየመንገዱ ወድቆ የሚበሰብሰው ሲያንገበግባት ኖሮ፣ ስለ ምግብ ማቀነባበር ተምራ ስትመለስ በፀሐይ እያደረቀች አዲስ አበባ ለሚገኝ ነጋዴ መላክ ጀመረች። ማድረቂያዎቹን ከቀርከሃና ከፕላስቲክ የሠራው ቶሌራ የሚባል የባምባሲ ልጅ ነው፤ እጁ አያርፍም፣ አፉም እንደዚያው። እኔ የትኛው ማንጎ በየትኛው ቀን እንደደረቀና ምን መልክ እንዳወጣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አሻ ደግሞ ትልጣለች፣ ትከትፋለች። ከእኔ በዕድሜ ከፍ የምትል የበርታ ሴት ናት። ልጆቹ «ማዘር» ይሏታል። እሷ እኔን «ኡስታዝ» ትለኛለች፤ ደብተር የያዘ ሁሉ ለእሷ ኡስታዝ ነው።

ሐዋ የቡድን ባህል የሚባል ነገር ትወዳለች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሻን መክተፊያዋ ጋ ትተን፣ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዱ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። መልስ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። ከቀረቡት ጥያቄዎች የሁላችንንም ቀልብ የሳበው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ስናብላላው እንከርማለን። የሌሊት ወፍ የበሰለውን ማንጎ ካልበሰለው በጨለማ እንዴት ይለያል? ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ለምን ቀጥ ብሎ ይሄዳል?

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። በሦስተኛው ሰኞ ግን ስለ ሌሊት ወፏ አፍንጫ ሳስብ ሰፈሬን አልፌ ሄጃለሁ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ስብሰባም ከጉጉታችን ጋር አብሮ እያደገ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት መዝለቅ ጀመረ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ዛሬ የማላውቀው ነገር የለም» እላለሁ። ቶሌራ «ጋሼ፣ እርስዎን ሰሌዳው ላይ ለጥፈን ብንገላገልስ?» ይላል።

ታዲያ በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ ካርቶን ተመለሰ። ውስጡ ያለው ማንጎ ጠቁሯል። ቀጥሎ ሌላ ተመለሰ። ነጋዴው ሦስተኛ ከመጣ ውላችን አበቃ አለ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ፤ የጠቆረው ሁሉ የሰኞ ነው። የማክሰኞው ወርቅ መስሏል፣ የረቡዕም፣ የሐሙስም። የሰኞው ብቻ ከሰል። ምክንያቱም ገባኝ። ደብተሬን ዘጋሁ።

ፍረዱኝ አልላችሁም። አንዴ የተቃጠለ ሰው ደብተር መዝጋት ይችልበታል።

በተከታዩ ሰኞ ስለ ሌሊት ወፍ ተወያይተን ከጨረስን በኋላ ሐዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስለ ማዘር አሻ…» ብላ ጀመረች። ቶሌራ የላሸቀ ማንጎ ትቀላቅል ይሆናል አለ፤ ቢላዋውን በደንብ አታጥበው ይሆናል ተባለ። ሐዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ግን «ከዚህ ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለች። ልብ በሉልኝ፤ ለሌሊት ወፍ ጥያቄ ነበረን፣ ለጠቆረ ማንጎ ግን ጥፋተኛ ነው የፈለግነው።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። አሻ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ትከትፋለች። በጎኗ ሁለት ትልልቅ ሳፋ ሙሉ የተከተፈ ማንጎ ተቀምጧል። በሌላው ቀን እሷ ስትከትፍ ሐዋና ቶሌራ እግር በእግር ማድረቂያው ላይ ይደረድራሉ። ሰኞ ግን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማንጎው በሙቀት ይጠብቃቸዋል።

ቀና ብላ አየችኝ። የውስጡን ወሬ የሰማች መሰለኝ። «ኡስታዝ» አለችኝ፣ «አንተ ሁሉ ቀን ይጽፋል። ደብተር ስለ እኔ ምን ይላል?»

ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ። ክር ስለሌለው ጫማ አሰብኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ እኔም ያደረግኩት ሸበጥ ነው፤ የማስረው ነገር አልነበረኝም።

«ጥያቄ አለኝ» አልኩ።

ቶሌራ ጣሪያውን አየ፤ ይወድቅ እንደሆነ።

«ሰኞ የሚከተፈው ማንጎ ስንት ሰዓት ላይ ነው ማድረቂያ የሚገባው?»

ሐዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች። ሆሞሻ ፊት ለፊቴ ታየችኝ።

እሷ ግን ተነስታ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። ከሳፋው ውስጥ የታችኛውን ቁራጭ አውጥታ ለብርሃን ያዘችው። ጠርዙ ቡኒ ሆኗል።

«ማዘር፣ ይሄ መቼ ተከተፈ?»

«እናንተ ሲገባ።»

«ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?»

አሻ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ጠረገች። «ማን ጠየቀ? እናንተ ጠየቀ ስለ ሌሊት ወፍ። ሌሊት ወፍ ነገራችሁ?»

ሐዋ አንገቷን አቅፋ «ዐፉ በይኝ» አለቻት። ሌላ ሰው የመፈለጉ ነገር እዚያው ሳፋው አጠገብ ቀረ።

እኔ ግን ሁለት ሳምንት ቆጠርኩ። ልክ በሁለት ሳምንቱ ሐዋ ወረቀት ሰጠችኝ። ብታምኑም ባታምኑም «ለሥራው ሲባል» ይላል። የሰኞ ስብሰባ ከነሰሌዳው ከክፍሉ ወደ መክተፊያው ጠረጴዛ ተዛውሯል፤ እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ቢላዋ ይዞ ይገኛል። በመጀመሪያ ዲግሪዬ ማንጎ እልጣለሁ ማለት ነው። ጥያቄ ጠይቄ ሁለተኛ ጊዜ ተዛወርኩ። የአሁኑ እንኳ ሃያ እርምጃ ነው።

በመጀመሪያው የጠረጴዛ ሰኞ፣ እየላጥን ሳለ፣ ሐዋ ስብሰባ ላይ ለምን እንደማልናገር ጠየቀችኝ። ተረክሁላቸው፤ ኮረብታውን፣ ችግኙን፣ የጫማውን ክር፣ ደብዳቤውን። በደንብ ነው የምተርከው፤ የብዙ ዓመት ልምምድ አለኝ። ቶሌራ እንኳ «አይ ጋሼን!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

አሻ ብቻ ልጣጩን እያየች «እሺ» አለች። «ችግኙስ? ጸደቀ?»

ቢላዋዬ ቆመ። ኮረብታው ከዚህ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ከሆሞሻ ከተመለስኩ ወዲህ በሥሩ ስንቴ አልፌአለሁ መሰላችሁ። አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

«አላውቅም» አልኩ።

ሐዋ ጠመኔውን አነሳች።