ከሸራው ሥር ያሉት

ደሴት ላይ መኖር ከሩቅ ሲያዩት ያስቀናል። ዙሪያው ውኃ፣ የድንበር ጭቅጭቅ የለ፤ ማን ይመጣብኛል ተብሎ እግር ዘርግቶ የሚተኛበት ይመስላል። ባሕር ለማየት አውቶቡስ የሚሳፈር የእስራኤሏ ቂርያት ጋት ሰው ስለ ደሴት ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። የማወራው ከልጄ የሰማሁትን ነው።

ልጄ ኦሪት ጻባ የምንለውን የውትድርና ግዴታዋን በአየር ኃይል ጨርሳ ስትወጣ አንድ ድርጅት ቀጥሮ ወደ ሩቅ ደሴት አገር ላካት። የዚያን አገር ወጣቶች ከቅኝት አውሮፕላን ሆነው ባሕራቸውን መጠበቅ ታስተምራለች። ባሕሩ ሰፊ፣ የጥበቃ መርከቦቻቸው ጥቂት፤ ዓሣ የሚዘርፈውም ኮንትሮባንድ የሚያሻግረውም እንዳሻው ይገባል። አጥር የመሰለኝ ውኃ ለካ መዝጊያ የሌለው በር ኖሯል። ስለዚህ አውሮፕላኑ አይቶ ይጠቁማል፣ መርከቡ ሄዶ ይይዛል።

አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ በቪዲዮ ደወለች። አባቴ አጠገቤ ነበሩ። ተማሪዎቿ ሞተሩ የጠፋ ጀልባ አግኝተው ዓሣ አጥማጆቹ ተርፈዋል አለችን።

«ሰው እንዳለበት ከዚያ ከፍታ በምን ይታወቃል?» አሉ አባቴ።

«እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ሳባ» አለች፤ አያቷን በዕብራይስጥ ሳባ ትላቸዋለች። «የሚያውለበልብ ከሌለ ባዶ ነው ብለን እናልፋለን።»



«እኛ አላውለበለብንም» አሉ አባቴ። «የእስራኤል ሰዎች ከሱዳን ዳርቻ በድብቅ በጀልባ ሲያወጡን አውሮፕላን መጣ። የማን እንደሆነ አናውቅም። ሸራ ተከናንበን ተኛን። አያትሽ ታስል ስለነበር አፏን በእጄ ያዝኩት።»

ስለ ሱዳኑ መንገድ ስንት ጊዜ አውርተውናል፤ ይቺን ግን እኔም ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ኦሪት ተማሪዎቿን ዝም ባለው ጀልባ ላይም ዝቅ ብለው እንዲዞሩ ታደርጋቸዋለች። ሰነባብታ ስትደውል ድምጿ ደክሟል። አንድ ባዶ የመሰለ ጀልባ ላይ ሸራው ሲንቀሳቀስ አይተው መርከብ ጠርተዋል። ከሥሩ እናቶች ከነልጆቻቸው ወጡ፤ የሚጠጣ ውኃ አልቆባቸው ነበር።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ አባቴ። «አሁን የት ናቸው?»

«የድንበር ፖሊስ ወሰዳቸው። ወደመጡበት ይመልሷቸው ይሆናል። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሳባ።»

አባቴ አልተቆጧትም። «እኛን እንኳ ማዶ የሚጠብቀን ነበረ» ብቻ አሉ።

በአማርኛችን ዘብ የቆመውም ይጠብቃል፣ ዘመድ የናፈቀውም ይጠብቃል። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።