የመውጫ ደብዳቤያችን የመጨረሻዋ መስመር

ከኅብረት ልውጣ የሚል ወገን፣ አገርም ይሁን መንደር፣ አንድ የማይቀር ጠባይ አለው፤ በሩን በኃይል ዘግቶ ከወጣ በኋላ ጫማውን ውስጥ መርሳቱ ትዝ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ ድርድር ይባል እንጂ፣ በባዶ እግር ቆሞ በር ማንኳኳት ነው። ጋዜጠኛ ነኝና ስለ እንዲህ ያሉ አገሮች የሚመጣውን ዜና ብዙ ጊዜ አሳጥሬ ጽፌአለሁ። ነገሩ ለምን እንደሚበላሽ የገባኝ ግን ከዜናው አይደለም። በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት፣ የሁለት ዓመት የተጠራቀመ ፈቃዴን ላሳልፍ ወደ ትውልድ መንደሬ ሄጄ ነው።

መንደራችን ከባሕር ዳር በታንኳ የግማሽ ቀን መንገድ፣ በቁንዝላ አቅጣጫ፣ ጣና ዳር ናት። ትንሽ ናት፤ ይህን ግን እሷ አታውቅም። ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ መንደር ጋር በአንድ የገበሬ ማኅበር ተጠቃልላ ነበር። ማዶኞቹ አራሾች ናቸው፤ እኛ የታንኳ ሰዎች ነን። ማኅበሩ ስብሰባ የሚጠራው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የባሕር ዳር ገበያ ነው። እንጨቱን ጭኖ ሊነሣ ያለ ሰው «ስለ ምርት ዕድገት ውይይት አለ» ተብሎ ሲጠራ ምን ይሰማዋል? ይህ አንድ ቅዳሜ ቢሆን ይቻላል። ሁልጊዜ ሲሆን ግን እንውጣ ተባለ። የወረዳው ጓድም ብልህ ሰው ነበሩና፣ እርስ በርሳችሁ ተስማምታችሁ ኑ ብለው ከደሙ ንጹሕ ሆኑ።

የመውጫውን ደብዳቤ የጻፉት መሪጌታ ናቸው። መሪጌታ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደብዳቤን «ከሰላምታ ጋር» ብሎ አይጨርስም። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ከወንዙ ማዶ ያለው ሁሉ፣ ሣሩም ቅጠሉም፣ ጥላውም ነፋሱም የእናንተ ይሁን፤ ለእኛ ሐይቁና ክብራችን ይበቁናል።» ስትነበብ ሕዝቡ አጨበጨበ። ያለቀሰም ነበር አሉ። ደብዳቤው በዚያው ዕለት ተላከ።

እኔ የደረስሁት በሦስተኛው ቀን ነው። አጎቴ አያ ደምሴ የአካባቢው የታወቁ ታንኳ ሠሪና ደብዳቤውን ያደረሱት መልእክተኞች መሪ ናቸው። ግልባጩን እንደ ሹመት ወረቀት ዘርግተው አስነበቡኝ። መጠየቅ የሥራ አመል ሆኖብኝ፣ ደንገሉ አሁንም የሚታጨደው ከወንዙ ማዶ ነው ወይ አልኋቸው።

አያ ደምሴ ወረቀቱን እንደገና አዩት። ታንኳ የደንገል፣ የዚያ የውኃ ዳር ሸንበቆ መሳይ ተክል፣ እስር ነው፤ ያለ ደንገል ታንኳ የለም። መንደራችን ደግሞ ያለ ታንኳ ምንድን ናት? ባለቤታቸው እትዬ አበሩ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ «እንግዲህ ክብራችሁን አስራችሁ ታንኳ ሥሩበትና ቅዳሜ ገበያ ውሰዱኝ!» አሉ።

ድርድሩ በዚህ ሁኔታ ተጀመረ። ወረቀት ያውቃል ተብዬ እኔም ከአያ ደምሴና ከመሪጌታ ጋር ሦስተኛ ሆኜ ተጨመርሁ። ወንዙ ሞልቷልና የምንሻገረው ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል በታንኳ ነው። የመንገዱ ጊዜ የሚያልቀው እርስ በርስ በመከራከር ነበር፤ አያ ደምሴ ደንገሉ ብቻ ይበቃናል ሲሉ፣ መሪጌታ ግጦሹም ይጨመር ይላሉ። እኛ ምን እንደምንፈልግ ሳንወስን እንደርሳለን፤ እነሱ ምን እንደማይሰጡ ወስነው ይጠብቁናል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ይግዛው ቁጣ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ይህ ነው ክፋቱ። «ውጡ ያላችሁ የለም፤ አትውጡ ያላችሁም የለም። ደንገሉን የሰጣችሁን ራሳችሁ ናችሁ» ይሉና ደብዳቤውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው የመጨረሻዋን መስመር ያነቧታል። በየጊዜው አነባበባቸው እያማረ ሄደ። ከዚያ በትሕትና፣ «ማክሰኞ ተመለሱ» ይሉናል።

ማክሰኞ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ጓድ ይግዛው ያውቃሉ። ታንኳ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እየጠጣ ይከብዳል፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ፀሐይ ከየት ይመጣል? እኛ በተመላለስን ቁጥር ታንኳው ዝቅ አለ። በአምስተኛው ጉዞ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ነበር። በስድስተኛው እስከ ጉልበታችን ርሰን፣ አንገታችንን ግን ቀና አድርገን ገባን። ጓድ ይግዛው ወንበር ሰጡንና፣ «ሱሪያችሁ እስኪደርቅ አጀንዳውን እናንብብ» አሉ።

ዕለቱን ግን አንድ አዲስ ነገር አመጡ። ደንገሉን እንደ ድሮው እጨዱ፤ ከማኅበሩም ውጡ፤ ቅዳሜያችሁም የራሳችሁ ይሁን። በምትኩ ያቺን መስመር በሕዝብ ፊት ሰርዙ። ሌላ ምንም አንፈልግም አሉ።

በእኔ ሚዛን ይህ ነገር ያለቀለት ነበር። ለአያ ደምሴ በጆሯቸው እውነታውን ነገርኋቸው፤ ታንኳው አንድ ጉዞ ቢቀረው ነው፣ በመንደሩ የተረፈ ደረቅ ደንገል የለም፣ የሚሰረዘውም ቀለም ነው። መሪጌታም፣ ጽፌ የማላውቀውን ያህል አማረችልኝ ሲሉ የከረሙት ሰውዬ፣ «ለሕዝብ ጥቅም ከሆነ እሰርዛለሁ» ብለው ብዕር አነሡ።

አያ ደምሴ እጃቸውን ያዟቸው። ከሁላችንም ይልቅ ኑሯቸው በደንገሉ ላይ የቆመው እሳቸው ናቸው። «የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ መሪጌታ። ያልነው ግን እኛ ነን። አይሰረዝም» አሉ።

ጓድ ይግዛው ደብዳቤውን ሳያነቡ አጥፈው ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት። ከዚያም ደንገሉን አስቀርተው መውጣታችንን ብቻ ፈርመው ሰጡን። ስንመለስ ታንኳው ደረቱን ለሐይቁ ሰጥቶ ከዳር ጥቂት ሲቀረን ሰጠመ፤ መሪጌታ ወረቀቱን ከራሳቸው በላይ ይዘው በውኃ ውስጥ እየተራመዱ ወጡ። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። አያ ደምሴ ከወገባቸው በታች ውኃ እየተንጠባጠበ፣ «ወጥተናል! አንዲት ቃል አላስነካንም!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ አበሩ ብቻ የሰጠመውን ታንኳ ያዩ ነበር፤ በኋላ እሳቸውም እልል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን ነፃ ወጣ። ገበያ የሚያደርሰን አልነበረም እንጂ።

ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ባሕር ዳር በእግሬ ተመለስሁ። ከንጋት እስከ ምሽት ጭቃ ስረግጥ ዋልሁ። መንገዱ ረጅም ነበርና ያቺን መስመር በቃሌ አጠናኋት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብሆን አልሰርዛትም።