ጎታ የገባው ስልክ

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ወይም ይመስለኛል። በሩን መቆለፌን ለማረጋገጥ ሁለቴ እመለሳለሁ። ምን ላድርግ ወዳጄ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

እናቴ ቢቸና ናት፤ እኔ ለሥራ ሞጣ ነኝ። መንገድ ላይ ስሆን እንዳትጨነቅ ከየከተማው እደውልላታለሁ። ከደብረ ወርቅ፣ «እማዬ፣ አንዱ ጎማ ተንፍሶ ነበር፤ አሁን ተነፍቷል።» ከጉንደ ወይን፣ «ሾፌሩ ያዛጋ ነበር፤ አሁን ትቷል።» እውነት መናገር ነውር ነው እንዴ?

ዘንድሮ የእናቴ ልብ ድው ድው ይል ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷም ጭንቀት ነው አለቻት፤ ሲጀምርሽ አምስት ደቂቃ ብቻሽን ተቀመጪ፣ በቀስታ ተንፍሺ፣ የሚያስደነግጥሽን ነገር ከአጠገብሽ አርቂ ብላ መከረቻት።

ብዙም ሳይቆይ ተሻላት። ምን አርቃ ይሆን? ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሜ ወደ ቢቸና ስሄድ ተጠርጣሪዎቹን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ቡና፣ ሬዲዮ፣ የጎረቤት ወሬ። መንገድ ላይ ሦስቴ ደወልኩ፤ አታነሳም። ባለፈው ጉዞ ሳታነሳ ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የኔ ልብ!

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ከጎረቤታችን ከእትዬ ይታይሽ ጋር እየሳቀች ምስር ትለቅማለች። ቡናው አለ። ሬዲዮው ያወራል። ወሬውማ... እትዬ ይታይሽ እዚያው ናቸው።

ስልክሽስ አልኳት። ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ደወልኩ። ጥግ ላይ ያለው የጤፍ ጎታ መጮህ ጀመረ!

እትዬ ይታይሽ በሳቅ ፈነዱ። «እሰይ! ጎታው አቤት አለህ! አንተ መኪና በተሳፈርክ ቁጥር እኮ ስልኩ ጤፍ ውስጥ ይገባል።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። «የኔ ጌታ፣ አትቀየመኝ። እኔ ለጊዮርጊስ አደራ ሰጥቼህ ዝም እላለሁ። አንተ ነህ ጎማ ጎማውን የምታነሳብኝ።»

ተስማማን፦ ከደረስኩ በኋላ ብቻ እደውላለሁ። እሁድ ሞጣ ገብቼ፣ ደርሻለሁ አልኳት። ተመስገን ብላ ዘጋችው። ይኸው ነው? ልቧስ? እንደገና ደወልኩ። አታነሳም። ጎታ ገብቷል ማለት ነው።

አምስት ደቂቃ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በቀስታ ተነፈስኩ። እጄ ግን ወደ ስልኩ፣ ስልኩ ወደ እጄ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። እኔ ግን ቸግሮኛል። ተነስቼ አከራዬን እማማ ዘሃራን ጤፍ ያበድሩኝ አልኳቸው።

«ምን ያህል፣ ልጄ?»

«ስልክ የሚሸፍን።»