አቶ ፍቅረየሱስና ባለ ከፍተኛ ጥራቱ መቅረጫ

ለአገር የሚበጅ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። ለጎባ የተሰጡት አቶ ፍቅረየሱስ ናቸው። የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ኖረው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። በእሳቸው ዘመን የመንግሥት ንብረት እንዲሁ በቀላሉ የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። ወንበሮቹን ከነላስቲካቸው ተረክበው ከነላስቲካቸው አስረከቡ። ሠራተኛው ቆሞ ቢውልም ወንበሮቹ ዛሬም አዲስ ናቸው ይባላል። እኛ ጎረቤቶቻቸው ይህን ስንሰማ አንስቅም፤ የእኛም ሪሞት በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ቁጥሩ አይነበብም እንጂ ሪሞቱስ አላረጀም።

እኚህ ሰው አንድ ቀን ሮቤ ወርደው ባለ ከፍተኛ ጥራት የምስል መቅረጫ ከነካሜራው ገዝተው መጡ። ግቢያቸውን ቀን ከሌሊት እየቀረጸ በቴሌቪዥን የሚያሳይ ነው። ዋጋውን ለሚስታቸው ለወይዘሮ የሺሃረግ አልነገሩም፤ ወይዘሮ የሺሃረግ ግን ወይፈኑ ከበረት ሲወጣ አይተዋል።

ባለሱቁ ሚኪያስ ሊገጥምላቸው አብሯቸው መጥቶ ነበር። መሰላል ላይ ቆሞ፣ ከካሜራው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ በጥፍሩ ሊልጥ ሲል ከታች ጩኸት ተሰማ።

«እጅህን ሰብስብ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስቲኩን ላነሳው ነው፣ ጋሼ።»

«ገና በመጣበት ቀን ራቁቱን ልታስቀረው? አቧራና ዝናብ ይጫወትበት?»

«ካልተነሳ እኮ ምስሉ ይደበዝዛል።»

«ስማ ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ንብረት ጠብቄያለሁ።»

ሚኪያስ ሒሳቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ስለነበር አልተከራከረም። ወይዘሮ የሺሃረግም ከባላቸው ላለማነስ መቅረጫውን ዳንቴል አለበሱት። በዚህ ሁኔታ የጥበቃው ሥራ በይፋ ተጀመረ።

ከዚያ ቀን አንሥቶ የአቶ ፍቅረየሱስ ግቢ በከፍተኛ ጥራት ጭጋግ ሆኖ ይታይ ጀመር። የውጭ በሩ ጭጋግ፣ ዶሮ ቤቱም ጭጋግ ነው። አቶ ፍቅረየሱስ በልባቸው አዝነዋል። ወይፈን የሚያህል ነገር ሸጦ ጉም መግዛት ማንንም ያሳዝናል፤ ጉም እንደሆነ ለጎባ ሰው በነፃ ይታደላል። ግን ገዝቶ ከማፈር ገዝቶ ማመስገን ይሻላልና፣ ለጠየቃቸው ሁሉ «ይኼ የሳነቴ ተራራ ጉም ነው። ማሽኑ ጠንቃቃ ስለሆነ በዓይናችን የማናየውን ሁሉ ያያል» ይሉ ነበር። እኛም ጉሙን እያየን ጥራቱን አደነቅን።

እንዲህ እያለ ለበዓል የተቀለበው አውራ ዶሮ ጠፋ። ወይዘሮ የሺሃረግ ከአጥሩ ጀርባ እፍኝ ሙሉ ላባ ለቅመው መጡ።

«ሽለምጥማጥ ነው የበላው» አሉ።

«በምስል ያልተደገፈ ላባ ማስረጃ አይሆንም» አሉ ባላቸው፤ ዳንቴሉንም ገልጠው ምርመራ ጀመሩ።

መቅረጫውም አላሳፈራቸውም። ጭጋጉ ውስጥ ጋቢ የተከናነበ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ዝግ እያለ መጣ። ዶሮ ቤቱ ጋ አጎነበሰ፤ ከዚያ ዱካ ተሸክሞ ወደ ካሜራው ቀረበና ዱካው ላይ ወጥቶ ካሜራውን በጋቢው ጫፍ ማሸት ያዘ። ከምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሰባት ይላል።

«ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት!» አሉ አቶ ፍቅረየሱስ። «ሰርቆ አልበቃው ብሎ ማስረጃ ሊያጠፋ ይሞክራል።»

ጋቢው፣ ትከሻው፣ አረማመዱ ሲደመር ከአንድ ሰው በቀር ማንንም አልመስል አላቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጉሉማን። ጉሉማ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ነው። ግቢዎቻቸውን የምታገናኝ ትንሽ በር አለች፤ በእሷ በኩል ወተት ይመጣል፣ ጠላ ይሄዳል። ሁለቱ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ተስማምተው አያውቁም፤ ስላልተስማሙም ተለያይተው አያውቁም። አቶ ፍቅረየሱስ ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ሕግ ወዳጅ አያውቅም ብለው ሄደው ነገሩት።

ጉሉማ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ያ ፍቅሬ! እኔ? ያንተን ዶሮ?»

«እኔ ሳልሆን ማሽኑ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ከማሽንህ ጋር ኑር» አለና ያቺን በር በእሾህ ዘጋት።

ዶሮው አንድ ቀን ቆረቆራቸው፤ የበሯ መዘጋት ግን በየቀኑ። ሁለት ሰው የሚያስቀምጠው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ «ዘንድሮ ዝናቡ ይቀድማል» ይላሉ፤ «አይቀድምም» የሚል ሰው የለም። በሽታቸው ይኼ እንደሆነ ወይዘሮ የሺሃረግ ገባቸውና ሽማግሌ ጠሩ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ከጊኒር መጥተው ጎባ የከረሙት ነጋዴ ሐጂ ሙባረክ ነበሩ። ጉሉማም ቅር እያለው መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አቶ ፍቅረየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

«የተከበራችሁ ሽማግሌዎች! ዘመኑ የሥልጣኔ ዘመን እንደመሆኑ መጠን፣ ከአሁን በኋላ እውነት በአፍ ሳይሆን በምስል የሚረጋገጥበት ምዕራፍ ላይ ደርሰናል» ብለው ጭጋጉን ከፈቱት።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ሰውየው ሲመጣ፣ ሲያጎነብስና ካሜራውን ሲያሽ ተመለከቱ።

«ሌሊት ነው ያልከው?» አሉ ሐጂ ሙባረክ።

«ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ይኸው ተጽፏል።»

«ታዲያ እንዴት ብርሃን ሆነ?»

«ጥራቱ ነዋ! ሌሊቱን ቀን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ወይፈን የሸጥኩት ለምን መሰለዎት?»

ሐጂ ሙባረክ ስልካቸውን አውጥተው አዩት፤ ቴሌቪዥኑንም አዩት።

«ያ ረቢ! ፍቅረየሱስ፣ ይኼ ዕቃ የሚቆጥረው እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእሱ ሰባት ለእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታለች።»

በዚህ ጊዜ ከጓዳ በር ሳቅ ተሰማ። ወይዘሮ የሺሃረግ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ነበር፤ አልቻሉም።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ ቤት የሚወጣው ማን ሆነና? አንተ ሰውዬ፣ ይኼ አንተ ነህ እኮ! በየማለዳው ዱካህን ከዶሮ ቤቱ ሥር አንሥተህ፣ ጉሙ ይለቅ እንደሆነ ብለህ ካሜራውን በጋቢህ የምትወለውለው ማነው?»

አቶ ፍቅረየሱስ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ያ ጎበጥ ያለ ትከሻ የማን እንደሆነ አሁን አወቁት። ስንት ዘመን መስታወት ሲያዩ ከፊት ብቻ ስለነበር ከጎን እንዲህ ማርጀታቸውን አላወቁም። ከሌብነቱ ይልቅ ይኼኛው ትንሽ አስደነገጣቸው።

ጉሉማ ከመቀመጫው ተነሣ።

«የመሰከረብኝን ዓይን እስቲ ልየው» ብሎ ወጣ። ከቤት የቀሩት፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ቀጥታ ምስል ተመልሶ፣ ጭጋጉ ውስጥ አንድ ጥላ ዱካ ላይ ሲወጣ አዩ። ጥላው እጁን ዘረጋ፣ በጥፍሩ አንድ ነገር ቧጠጠ፣ ሳበ። ወዲያው የጉሉማ ፊት ከነሽበቱ፣ ከነጥርሱ ቴሌቪዥኑን ሞላው። በጣቶቹ መሃል ስስ ላስቲክ አንጠልጥሏል።

«ያ ፍቅሬ፣ ጉምህን ልጣልልህ ወይስ ታስቀምጠዋለህ?» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

የሽማግሌዎቹ ፍርድ አጭር ነበር፤ እንደ አባቶች ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር መውደቅ። አቶ ፍቅረየሱስ እዚያው ግቢ ውስጥ ድንጋይ መረጡ። ትንሿን ሊያነሡ ሲሉ ሐጂ ሙባረክ በአገጫቸው ትልቁን አመለከቷቸው። ተሸክመውት በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ጉሉማ፣ በድዬሃለሁ። ዶሮስ ይሂድ፣ አንተን ማጣቱ ነው ያቃተኝ። ማረኝ።»

ጉሉማ ዓይኑ እንባ አቅርሮም ቢሆን አልቸኮለም። ወዳጁን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ሰማዩን አየ። ድንጋዩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው «ሃ ተኡ! ይሁን፣ ተነሥ» ያለው። ተቃቀፉ። የዚያኑ ዕለት የበሯ እሾህ ተነሣ።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አቶ ፍቅረየሱስ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ወደ መቅረጫው ሮጡ። ካሜራው ያን ሁሉ ጊዜ ይቀርጽ ነበር! መንበርከካቸው ለልጅ ልጅ ሊተርፍ ነው። ሊያጠፉት ከፈቱት፤ እስኪ አንዴ ልየው አሉ። ደገሙት። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የሺሃረግ! ነይማ፣ ነይማ እዪ! ላቤ ከግንባሬ ጠብ ሲል ይታያል እኮ! የሱሪዬ ስፌት እንኳ ክሩ ይቆጠራል!»

ምስሉ አልጠፋም። አሁን እቤታቸው የሚገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጋበዘው እሱን ነው። «ይኼ ሲንበረከክ የምታዩት ጅል እኔ ነኝ» ይላሉ አቶ ፍቅረየሱስ፣ ደረታቸውን ነፍተው፤ «ጅሉን ተዉትና ጥራቱን እዩልኝ!»

ጉሉማም ከጎናቸው ተቀምጦ ጠላውን እየጠጣ ያርማቸዋል።

«ወደ ኋላ መልሳት እንጂ፣ ፍቅሬ። ድንጋዩ ሲከብድህ የተነፋረቅክባትን አሳለፍካት፤ ከሁሉም ጥራት ያላት እሷ ናት።»