እትዬ አልማዝ በስድስት ቁራጭ

የፎቶ አንሺ ቤት አልበም ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? ዕድሉ ከገጠማችሁ ግለጡት። የጎረቤት ክርስትና፣ የማታውቁት ሰው ሰርግ፣ ስሙ የተረሳ የመሥሪያ ቤት ሽኝት ታገኛላችሁ፤ የራሱን ቤተሰብ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ያሉት አባቶች እኛንም ሳያዩን አልቀሩም። እኔ የዚሁ ሙያ ሴት ነኝ። በየሰርጉ የሰውን እናት "ቀና ይበሉ እማማ" እያልኩ ስኖር፣ የራሴ እናት ፎቶ ያለው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። እሱም እሷን አይመስልም።

ጋሽ መኩሪያ ከኔ ይብሳሉ። ቦሌ ሚካኤል ስቱዲዮ ከፍተው የሰፈሩን ሰው በሙሉ ያነሱ፣ ለኔም ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጉርድ ሾላ ያለችው ሱቄ ድረስ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። የድሮው የእንጨት ካሜራቸው ነበር፤ ያ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ ጥቁር ቆዳ ያለው።

"ይቺን ከዲጂታልሽ ጋር አጋቢልኝ" አሉኝ።

"ጋሽዬ፣ የኔው ብቻውንም እኮ ጥሩ አድርጎ ያነሳል። ምን ያደክምዎታል?"

"አልማዝ በዚህ እንዳነሳት ለምናኝ ነበር፤ የተጋባን ሰሞን። ደንበኛ ጋብ ሲል አልኳት።" አንሶላውን አጣጠፉ። "ደንበኛው ጋብ ሲል ስቱዲዮው ተዘጋ።"

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጡበትን ረሱ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም። አሁን አሁን አንዳንድ ቀን ባላቸውንም አያውቋቸውም። ስለዚህ እምቢ አላልኩም።

ለዚያ ካሜራ የሚሆን ፊልም ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቦሌ ሚካኤል ያለ ብረት ቀራጭ ቶርኖ ቤት ማገጣጠሚያ ቀለበት አስቀረጽን፣ ከኋላው ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ጣውላ አበጀን፣ ካሜራዬን እሱ ላይ ገጠምነው። ችግሩ ሌላ ነው። የድሮው ሌንስ የሚሰጠው ምስል የደብተር ገጽ ያህል ይሰፋል፤ የኔ ካሜራ ምስል የሚቀበልበት ዓይን ግን የክብሪት ቀፎ ቢያህል ነው። አንድ ሰው ሙሉ እንዲወጣ ጣውላውን እያንሸራተቱ ስድስት ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ መገጣጠም ነው። የሚነሳው ሰው በመሀል መንቀሳቀስ የለበትም። ለጤነኛም ይከብዳል።

ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየማቸው የሄድነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሽ መኩሪያ ሚስታቸውን የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠዋቸዋል። ራሳቸውም ኮትና ከረባት አድርገዋል። ቀኑ ግን ባላቸውን ከማያውቁባቸው ቀኖች አንዱ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገቡ። እኔ ጣውላውን ሳንሸራትት እሳቸው የካሜራውን ቁልፍ ይጫናሉ። ጉልበት። እጅ። ደረት። ትከሻ። ሌላኛው ትከሻ። እትዬ አልማዝ መስኮቱን እያዩ ንቅንቅ አላሉም። ፊታቸው ብቻ ሲቀር እንዲህ አሉ፦

"እርስዎ ትዕግሥተኛ ነዎት። ባሌም ፎቶ አንሺ ነው። አነሳሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ሥራ ይዞት ነው።"

ጣውላውን ወደ መጨረሻው ቦታ አንሸራተትኩ።

"ይመጣል" አሉ ጋሽ መኩሪያ ከጨርቁ ውስጥ። "ትንሽ ይጠብቁት።"

"እጠብቀዋለሁ" ብለው እትዬ አልማዝ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። ያኔ ጋሽ መኩሪያ ቁልፉን ተጫኑት።

ስገጣጥመው አልገጠመም። ሰውነታቸው መስኮቱን ያያል፤ ፊታቸው እኛን። አንገታቸው ላይ ቀጭን ስንጥቅ መሳይ መስመር አለ። አስተካክለዋለሁ፣ ካልሆነም ደግመን እናነሳለን አልኩ።

"ተይው" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። "እኔን ያየችው እዚህች ላይ ነው።"

አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስንሰቅለው እትዬ አልማዝ ተጠግተው በጣም ቆዩ።

"ማን ናት?"

"ሚስቴ ናት" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

እትዬ አልማዝ ደግመው አዩዋት።

"ታድላለች" አሉ።