በዐርብ ጾም ቅቤ የተቀባው ኮምፒዩተር

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ፋብሪካ ሠርቶ፣ መርምሮ፣ አሽጎ የላከውን ዕቃ እንዳለ መጠቀምን እንደ ውርደት የሚቆጥር። ይህ ሰው በጎንደርም አለ፣ በሳንጃም አለ፣ ሰው በሰፈረበት ሁሉ አለ ብዬ አምናለሁ፤ የእኛ ሰፈሩ ግን የሁሉም አለቃ ነው። ክቡር ሊቀ ፍጥነት ምንዳዬ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም፤ ቢያውቅ ደግሞ አንሷል ብሎ ያሻሽለዋል።

የምንዳዬ ሃይማኖት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ «ፋብሪካው ፈርቶ ነው እንጂ ይችላል።» ወፍጮው ይችላል። ባጃጁ ይችላል። የባለቤቱ የአምሳለ መፍጫ ይችላል ተብሎ በርበሬው ኮርኒስ ላይ ከወጣ ወዲህ፣ እዚያ ቤት ገብቶ ሳያነጥስ የወጣ እንግዳ የለም። የዕድራችንን ድምፅ ማጉያ የነካካ ጊዜማ፣ የእኛን ሰፈር መርዶ ሰምተው ከወለቃ ድረስ ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ሟቹን አያውቁትም። አልቅሰው፣ ንፍሮ ቀምሰው፣ አጽናንተውን ተመለሱ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሩቅ ነኝ። የማውቀው ሳይንስ የስድስተኛ ክፍል መጽሐፋችን ውስጥ ያለውን ነው፤ ሽፋኑ ተልጦ ለሦስት የምንይዘው መጽሐፍ። «ሙቀት በሦስት መንገድ ይተላለፋል» የሚለው ገጽ ላይ ማንኪያ፣ ማሰሮና ፀሐይ ተሥለው ነበር። መምህራችን ዱላቸውን ማንኪያው ላይ አድርገው «በንክኪ»፣ የሚፈላው ውኃ ላይ አድርገው «በፍሰት»፣ ፀሐይዋ ላይ አድርገው «በጨረራ» ሲሉ፣ ዓለም በሦስት ቃል ያለቀላት ይመስለኝ ነበር። በሕይወቴ ጥርት ብሎ የገባኝ የመጨረሻው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የመጣው በልጄ በሚስጥር ሠርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ ወልደኢየሱስ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቷልና መምጣት አልቻለም። በአማቹ እጅ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ቃል ላከብኝ፦ «የሚስጥርን ሠርግ ሳላይ እንዳልሄድ። ቪዲዮውን ላክልኝ።» ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። አማቹ ቅዳሜ ማለዳ ተመላሽ ነው። ቪዲዮውን የቀረጸው ባለሙያ ግን ከጥምቀት ወዲህ ሠርግ ተደራርቦበት «ከፋሲካ በፊት አይደርስም» አለና ጥሬውን በፍላሽ ሰጠኝ። ግማሹ የእንግዳ ጫማ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ የአያ ቴሌቪዥን አያነበውም።

ስብሰለሰል ምንዳዬ ከአጥሩ ማዶ ሰማኝ።

«ጋሼ አድማሴ፣ ምነው ለዚህ ይተክዛሉ? እኔ ዘንድ ኮምፒዩተር አለ አይደል። አፍጥኜዋለሁ እኮ።»

«ከምን አፈጠንከው?»

«ፋብሪካው ከፈቀደለት።»

«ፋብሪካው ለምን ከለከለው?»

«ፈርቶ ነዋ።»

ረቡዕ ጀመረ። ጫማውን ቆርጦ፣ ዘፈኑን ገጣጥሞ፣ ኮምፒዩተሩ ሁሉንም አንድ አድርጎ እንዲያወጣው ሲያዘው፣ ጥቂት ሄደና ድርግም አለ። ደግሞ አስነሣው፤ ደግሞ ድርግም። ጎኑን ከፈተና አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታህል ብረት አሳየኝ።

«ይንኩት ጋሼ።»

ነካሁት። ጣቴን እስከ ማታ ስነፋው ዋልኩ።

«ቺፕሴቱ ነው» አለ፣ ሟች እንደሚያስተዋውቅ ሰው። «አንጎሉ ያ ማዶ ያለው ነው። ይሄ መልእክት አመላላሹ ነው። አንጎሉን ሳፈጥነው ይሄም አብሮ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ይግላል፤ ሲግል ሁሉም ይጠፋል።»

«አጋፋሪ ነው በለኛ።»

«አጋፋሪ ነው። አሁን ማቀዝቀዣ እንምረጥለት።»

«እንምረጥ» ማለቱ ነው ያደናገረኝ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ጠረጴዛው ላይ ችሎት ተዘረጋ፤ ዳኛው እኔ።

«ይቺ ትንሿ ማራገቢያ ናት፤ ታበርዳለች፤ ግን አቧራችን ያንቃታል፤ ድምጿም ንብ ነው። ይሄኛው መዳብ ነው፤ ከሞተ ማሽን የነቀልኩት። ድምፅ የለውም፤ ግን ቁመቱ ረዝሞ ጎረቤቱን ካርድ ይገፋል። ውኃም አለ።»

«ኮምፒዩተር ውስጥ ውኃ?»

«በቱቦ ነው ጋሼ።»

«ቱቦው ቢያፈስስ?»

«ያኔ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም።»

የማውቀውን ልጠይቅ ብዬ፣ «ለመሆኑ ሙቀቱ የሚወጣው በንክኪ ነው፣ በፍሰት ነው፣ ወይስ በጨረራ?» አልኩት።

«በንክኪ ወደ መዳቡ፣ በፍሰት ከመዳቡ ወደ አየሩ፣ ትንሽም በጨረራ።»

በእኛ መጽሐፍ ሦስቱ ለየብቻ ነበር የሚኖሩት። አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይገኛሉ ያለን መምህር አልነበረም። የገባኝ ለመምሰል ያህል «ጥቁር ነገር ሙቀት በጨረራ ያወጣል ይባል ነበር» አልኩ። ምንዳዬ በአክብሮት አየኝ። ከሰዓት ስመለስ መዳቡን ጥቁር ቀለም ቀብቶት ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። በዚህ ሁኔታ ፍርዱ ለመዳቡ ተሰጠ፤ ማን እንደ ፈረደ እስካሁን አላውቅም።

አምሳለ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ምነው ፍጥነቱን ዝቅ ብታደርገው?» አለች።

«ዝቅ?» አለ ምንዳዬ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶት የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

ዐርብ ጠዋት አዲስ ችግር መጣ። በቺፕሴቱና በመዳቡ መካከል ዐይን የማያየው ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን የሚሞላ ልዩ ቅባት ያስፈልጋል። የምንዳዬ ቅባት ደርቆ ምርጊት ሆኗል። ፒያሳ ወርዶ ቢጠይቅ «ሰኞ ይገባል» አሉት። አማቹ የሚሄደው ነገ ማለዳ ነው።

«አናት ሲግል መቼም ቅቤ ነው» አለች አምሳለ፣ እየሳቀች።

እኛ አልሳቅንም። ምንዳዬም እኔም ግንባራችን ሲግል አናታችን ላይ ቅቤ እየተደረገልን ያደግን የደጋ ልጆች ነን። ለእኛ ይህ ቀልድ አልነበረም፤ በእጃችን ያለ መድኃኒት ነበር። ቤቴ ሄጄ የአያን ቅል ይዤ መጣሁ። ምንዳዬ በጥፍሩ ጫፍ ቆንጥሮ ቀባና መዳቡን ጫነበት።

ኮምፒዩተሩ ተነሣ። ሠራ። ቤቱ ጥሩ መዓዛ ሸተተ። ሚስጥር ከጓዳ ስትወጣ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከራከሩ፣ ሥራው እየገፋ እየገፋ ግማሹን አለፈ። ምንዳዬ ወደ አምሳለ ዞሮ ቅንድቡን ብቻ አነሣ።

ቅቤ ሲግል ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ግን አንዳችንም አላስታወስነውም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቆሞ ነው የሚሠራው። አንድ ቢጫ ጠብታ ከመዳቡ ሥር ወጣች፤ ቦርዱን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች፤ ሌላ ተከተላት። ስክሪኑ ጨለመ።

አምሳለ ጎንበስ ብላ ጠብታዋን አየቻት። «ዛሬ ዐርብ ነው እኮ። አስገደፋችሁት።»

ማንም አልሳቀም፤ እሷም አልሳቀች። እኔ የአያን ዐይን ነበር የማስበው፣ በር በሩን ሲያይ።

«ተወው ምንዳዬ» አልኩት። «አያ ይረዳኛል።»

ምንዳዬ ተነሣ። ጥጥ አመጣ፤ አረቄ አመጣ። ገመዱን ነቅሎ፣ መዳቡን ፈትቶ፣ ቅቤው የነካውን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ በአረቄ ጠረገ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ቅቤ ተቀብቶ፣ አረቄ ቀምሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ኮምፒዩተር፤ ልክ ሠርግ እንዳደረ ሰው።

ሲደርቅ የፋብሪካውን ያቺን ትንሽ ብረት መልሶ ገጠመ። አስነሣው፤ ቁጥር የሞላበት ሰማያዊ ገጽ መጣ። ምንዳዬ ጣቱን አንድ ቁልፍ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ጋሼ፣ ፊትዎን ያዙሩልኝ» አለኝ።

አዞርኩለት። ግድግዳውን እያየሁ ቁልፉ ሲጫን ሰማሁ።

«ዝቅ አድርጌዋለሁ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ኮምፒዩተሩ ፋብሪካው እንዳለው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይጠፋ ሠራ። ምንዳዬ ጎኑ ተቀምጦ በካርቶን ቁራጭ እያራገበለት ዋለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረሰ። ቅዳሜ ማለዳ ፍላሹ በአማቹ ደረት ኪስ ገብቶ ወደ ጃናሞራ ወጣ።

ሰኞ አያ ደወለ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«ሸጋ ነው» አለ። «ሸጋ ሠርግ ነው። ሚስጥር እናታችንን መስላለች።» ትንሽ ሳለና፣ «አድማሴ፣ ምርቃቱ ላይ ከጎንህ፣ በእኔ ቦታ የተቀመጠው ማን ነው?»

አላስታወስኩም። ያን ሰዓት ዐይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ ከጎኔ ወንበር መኖሩንም አላየሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። ጠባብ ግራጫ ኮት ትዝ አለኝ።

«ጎረቤቴ ነው አያ። ምንዳዬ ይባላል። ወንበር አጥቶ ይሆናል እዚያ የተቀመጠ።»

አያ ደግሞ ሳለ። ሳሉ ሲለቀው፣

«እጅህን ይዞህ ነበር እኮ» አለ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ምንዳዬ ጣሪያዬ ላይ ነው፤ ማን እንደጠራው አላውቅም፤ በውኃ ታንከሬ ሥር ድንጋይ እየደረደረ ከፍ ያደርገዋል። ለምን ከፍ እንደሚል ከላይ ሆኖ አስረዳኝ፤ አንዱም አልገባኝም። መሰላሉ ሲነቃነቅ አየሁና ሄጄ ያዝኩለት።